ጨው ቀማሹ

ክረምት እንለዋለን፥ ካፋችን አልወጣ፣
ጠብታ ሳይወርድበት፥ ደመና ሳይመጣ።
እዚህ አፉላ ላይ ሐምሌ ጨለማ የለው፣
ፀሐዩ ነው እንጂ ዓይን የሚያስጨፍነው።
ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ ደወሉ ሲያርፍ፣
የምሳው ሰዓትም አብሮት ነው የሚያልፍ።
እናት ገና ሳይነጋ ለጽዳት ወጥታለች፣
የቤቱን ቁልፍ በክር ከልጅ አንገት አስራለች፤
ፍሪጁ ይከፈታል፥ መብራቱ ይበራል፣
ከመብራቱ በቀር ምን ነገር ይኖራል?

ከብሎኩ ግርጌ ነው የቦምብ መጠለያ፣
ለሮኬት የሠሩት፥ ለክፉ ቀን መቆያ።
እኛ ድስት ጣድንበት። ሳይረን መች ያሰማል
ረኀብ ሲመጣ? ዝም ብሎ ይገባል።
የብረቱን በር ከፍተን፥ አግዳሚ ደርድረን፣
በስድስት ሰዓት ላይ ስድሳ ልጅ አብልተን፣
ሳህን እናጥባለን፤ ነገም ሩዝ፥ ነገም ምስር፣
ሐሙስ ዶሮ ሲኖር፥ ጫጫታው እስከ ጣሪያው ሥር።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ወረቀት
ስም ይላል፥ መታወቂያ፥ የወላጅ ገቢ፥ የቤተሰብ ብዛት።
የምትጽፈው ሊሞር ናት፤ ልቧ ደግ፥ እጇ ፈጣን፣
አንዴ ትጠይቃለች፥ የነገሯትን ታምናለች እንደ ሕፃን።

ኦሽሪ ተራው ደረሰ፤ ዓመቱ ዘጠኝ ነው፣
እህቱን ያርደንን ጎትቶ ያመጣው።
"አንተስ?" አለችው።
"ጠግቤአለሁ።"
መስመር ሰረዘች። "ቀጣይ!"

እኛ ቤት ጠግቤአለሁ መልስ አይደለም፤
የደጅ ሰላምታ ነው፥ ጫማ እንደ ማውለቅ ነው።
አንዴ እምቢ፥ ሁለቴ እምቢ፣
"በሞቴ" ሲባል ነው፥ በሦስተኛው፥ ሰው እጁን የሚታጠበው።
ይህን ለሊሞር በምን ቋንቋ ልንገራት?
በዕብራይስጥ ጠግቤአለሁ ጠግቤአለሁ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለበት።

እሱ ላይኛው ደረጃ ላይ፥ እንደ ዘበኛ፥ ጉልበቱን አቅፎ፣
እህቱ ስትጎርስ ያያል፤
አብሯት ይውጣል፥ ምራቁን፥ ቀስ ብሎ፥ አሳልፎ።

ሦስት ቀን አየሁት። በአራተኛው ጠራሁት፦
"ና እስቲ አንተ ልጅ፥ እኔ ግፊት አለብኝ፣
ሐኪሙ ጨው የሚባል ከልክሎኛል፥ ምላሴም ከዳኝ፤
ይህን ወጥ ቅመስልኝ።"
ማንኪያውን ተቀበለ። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ።
"ደኅና ነው" አለ።
"በአንድ ማንኪያ ወጥ ማን ለየ?
ከሥሩም ቅመስ እንጂ፥ ከሩዙም፥ ከዳቦውም፤
ጨው እኮ አንድ ቦታ አይቆምም!"
ሳህኑን አጸዳው፥ ፊቱን እንደ ሐኪም አኮሳትሮ፤
በማግስቱ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ፥ እጁን ታጥቦ፥ ጠጉሩን አበጥሮ።

"ይሄ ልጅ ቁጥሩ ስንት ነው?" ስትል ሊሞር፣
"ሠራተኛ ነው" አልኳት፥ "ከእኛ ጋር የሚቆጠር።"
ሳቀች። ደረጃውን አየች። ከዚያ አልሳቀችም፤
እስክሪብቶዋን ከደነች፥ ስለሱም ዳግም አልጠየቀችም።

ዓርብ ዓርብ ለሰንበት ዳቦ ስናድል፣
"ለቀማሽ ሁለት ነው፥ ሕግ ነው" ስል፣
ሕጉን ማን እንዳወጣው አይጠይቅም፤
እኔም አልናገርም።

ነሐሴ እንዲህ አለቀ።
የመጨረሻው ቀን፥ ነገ ደወል ሊደወል፣
መኮሮኒ ሠርተናል፥ ድስቱ እስካፉ ተሞልቷል።
ኦሽሪ ቀመሰ። አልዋጠም።
ጉንጩ እንደተነፋ ዓይን ዓይኔን አየኝ፣
ውጦ፥ በለሆሳስ፥ ሌላ ልጅ እንዳይሰማ፦
"እማማ ስንዱ፥ ጨው የለውም።"

ቀልድ መሰለኝ። ጣቴን ነከርሁ፥ ሐኪሙን ትቼ፤
ባዶ ውሃ! ለስድሳ ልጅ ላቀርብ ነበር፥ ጨው ረስቼ።
ለካ ክረምቱን ሙሉ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤
እሱ ሥራ ላይ ነበር። አንድም ቀን አልዋሸኝ።

ጨው ቆነጠረ። በተነ። አማሰለ። ቀመሰ።
ደግሞ ቆነጠረ።
በሩ ላይ ልጁ ይንጫጫል፥ ሊሞር ሰዓቷን ታያለች፤
እሱ አልቸኮለም።
ማንኪያውን ጠርጎ አስቀመጠና
"አሁን ይብሉ" አለ።